የትኛው ቴራፒ ይሻላል ለምትሉኝ

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። "ለድባቴ የሚሻለው ቴራፒ የቱ ነው? ሲቢቲ ነው አይደል?" ሲቢቲ ማለት ሐሳብንና ተግባርን በማረም የሚያክም የንግግር ሕክምና ነው፤ በኋላ እመጣበታለሁ። ጥፋቱ የቲክቶክ ነው። አንዱ ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ ሲቢቲ፣ ሲቢቲ ሲል ይውላል፤ ሌላዋ ደግሞ የልጅነት ቁስልሽን ካልፈታሽ አትድኚም ትላለች፤ ሰው መሃል ላይ ግራ ገብቶት ይቀራል። እኔም ስለ ራሴ ድባቴ አንድ ጊዜ ከጻፍኩ ወዲህ እንደ ሐኪም ተቆጥሬ የመልእክት ሳጥኔ ሞልቷል።

ሐኪም አይደለሁም። ጅማ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ግን ታምሜ ታክሜያለሁ። በዚያ ላይ የሳይካትሪና የሳይኮሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እኔ ጋ ያስተይባሉ፣ ያስጠርዛሉ። ከሒሳቡ ትንሽ እቀንስላቸውና በጥያቄ አስጨንቃቸዋለሁ። የምጽፈው ከእነሱ ከለቀምኩትና በኋላ ራሴ ካነበብኩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱን ላስቀድመው። ቴራፒ የምንላቸው፣ በደንብ የተጠኑት የንግግር ሕክምናዎች ጎን ለጎን ሲወዳደሩ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። አዎ፣ ትንሽ። ሶል ሮዘንዝዋይግ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ገና በ1936 ሁሉም ሕክምናዎች ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ምናልባት ሰውን የሚያሽለው በሁሉም ውስጥ ያለ አንድ የጋራ ነገር ይሆናል ብሎ ጽፎ ነበር። ያኔ ግምት ነበር። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም ያሠራው ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። 250 የሚሆኑ የድባቴ ታማሚዎችን በዕጣ አራት ቦታ ከፍለው ለአንዱ ቡድን ሲቢቲ፣ ለአንዱ ከሰው ጋር ባለን ግንኙነት ላይ የሚያተኩረውን ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ፣ ለአንዱ ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት፣ ለአንዱ ባዶ እንክብል ሰጡ። ሁለቱ የንግግር ሕክምናዎች ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። ከዚያ ወዲህ ፒም ኩይፐርስ የሚባለው የሆላንድ ተመራማሪ በመቶ የሚቆጠሩ ጥናቶችን እየሰበሰበ ሲደምር ኖሯል፤ የእሱም ድምር ወደዚያው ያደላል።

ታዲያ ምን አስለፈለፈኝ? በአማካይ እኩል ናቸው ማለት ላንቺም እኩል ናቸው ማለት ስላልሆነ ነው። ደግሞም ጅማ ላይ የሚገኘው ሕክምና፣ የምትከፍሉት ብር፣ የምትመላለሱበት ባጃጅ፣ የምታወሩበት ቋንቋ እኩል አይደለም። ምርጫው ያለው እዚያ ነው።

እኔ የጀመርኩት ቢሄቪየራል አክቲቬሽን በሚባለው፣ ተግባርን ከስሜት በሚያስቀድመው ሕክምና ነው። እርግጥ ስሙን ያኔ አላውቀውም። እናቴ ሞተች። ለቅሶው ላይ ቤቱ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር፤ ከሰደቃው በኋላ ሰዉ ወደየሥራው ተበተነ፤ እኔ ቀረሁ። ሱቁን ዘግቼ መተኛት ጀመርኩ። እንቅልፍ የለም፣ መተኛት ብቻ። መብላት ቀረ፣ ስልክ ማንሳት ቀረ። በመጨረሻ ወንድሜ እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰደኝና የአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሆነች አንዲት ሲስተር ጋር ተገናኘሁ።

ሲስተር ስለ እናቴ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ "ትናንት ጠዋት ስንት ሰዓት ተነሳሽ? ከዚያስ ምን አደረግሽ?" አለችኝ። ሰዓት በሰዓት። ተናደድኩ። እናት የሞተችበት ሰው ፊቷ ተቀምጦ እሷ የቁርስ ሰዓት ትመዘግባለች! ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። የሳምንቱ ቀናት ከላይ፣ ሰዓቶቹ ከጎን። በየሰዓቱ ያደረግኩትን መጻፍና ስሜቴን ከ0 እስከ 10 ነጥብ መስጠት ነው ሥራዬ። ያ ወረቀት እኔ ሱቅ ውስጥ በሁለት ብር ፎቶ ኮፒ ከማደርገው አይለይም።

ሐሳቡ የመጣው በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፒተር ሌዊንሰን ከሚባል ሳይኮሎጂስት ነው። ሰው ሲደብረው ከሰውም ከሥራም ይሸሻል፤ ሲሸሽ ደስ የሚያሰኘው፣ የሚያበረታው፣ "እሰይ" የሚያስብለው ነገር ከሕይወቱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ይበልጥ ይደብረዋል፤ ይበልጥ ይሸሻል። ሕክምናው ይህን ዙር የሚሰብረው ከተግባር በኩል ነው። ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቂም። በዕቅዱ መሠረት ታደርጊያለሽ፣ ስሜቱ ይከተላል። ወይም አይከተልም፣ ያንንም ትጽፊያለሽ።

ይሄ "ራስሽን አዝናኚ፣ ወጣ ወጣ በይ" ከሚለው የጎረቤት ምክር ጋር አንድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔም መስሎኝ ነበር። ልዩነቱ ዝርዝሩ ላይ ነው። ሲስተር "ሱቅ ክፈቺ" አላለችኝም። "ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሄደሽ በሩን ግማሽ ከፍተሽ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ፣ ከዚያ ብትፈልጊ ዘግተሽ ተመለሺ" ነው ያለችኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱን አብረን አየነው። በጣም የወደቅኩባቸው ሰዓቶች ብቻዬን የሆንኩባቸው ይመስሉኝ ነበር። ወረቀቱ ግን ሌላ አሳየ፤ ሰው ሊመጣ ነው ከተባለ በኋላ እስኪመጣ ያለው ሰዓት ነበር የባሰው። "ነፍስ ይማር"፣ "አላህ ይዘንላት" መስማት እየሸሸሁ ነበር። ይህ ሲታወቅ ዕቅዱ ተቀየረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታገኘኝ ሰው ያን ቃል የማትል፣ የምታስቀኝ ጓደኛዬ እንድትሆን ተደረገ። እንደዚህ በጥፍር የሚቆፈር ነገር ነው፤ ምክር አይደለም።

ብዙ ሰው ይሄን ዓይነቱን "የድሃ ቴራፒ" አድርጎ ያየዋል፤ ዋናው ሲቢቲ ነው፣ ይሄ ማሟሟቂያው ነው ይላል። እዚህ ላይ እከራከራለሁ። ኒል ጄኮብሰን የሚባል ተመራማሪ በ1996 ባሳተመው ጥናት ሲቢቲን እንደ መኪና ሞተር ፈታትቶ ነው የሞከረው። 150 ያህል ታማሚዎችን ይዞ ለአንዱ ቡድን የተግባር ክፍሉን ብቻ ሰጠ፣ ለአንዱ ተግባሩን ከሐሳብ ማረሙ ጋር፣ ለአንዱ ሙሉውን። የተግባሩ ክፍል ብቻውን ከሙሉው አላነሰም። እንግሊዝ አገር ደግሞ በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ 440 ሰዎች ነበሩበት። ሲቢቲውን የሰጡት በደንብ የሠለጠኑ ቴራፒስቶች ናቸው፤ ቢሄቪየራል አክቲቬሽኑን የሰጡት ግን አጭር ሥልጠና ያገኙ ጀማሪ ሠራተኞች። የጀማሪዎቹ ውጤት አላነሰም፣ ወጪው ግን ቀነሰ። ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። ሳይኮሎጂስት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር አንዲት ነርስ በአግባቡ ሠልጥና ልትሰጠው የምትችለው ሕክምና ከትልቁ የማያንስ ከሆነ፣ ስለ "ድሃ ቴራፒ" ማውራት ይብቃን።

ጅማ ላይ ስለዚህ ሕክምና ሲወራ ደግሞ ጫትን መዝለል አይቻልም። ወንድሜ፣ ያው እየጎተተ የወሰደኝ፣ በኋላ ራሱ ድባቴ ያዘው። እሱም ያን ወረቀት ተሰጠው። ጠዋት ሙሉ ሀራራ፣ ስሜቱ 2። ከሰዓት በርጫ ላይ ምርቃና፣ ስሜቱ 8። ማታ ጨብሲ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ በማግስቱ እንደገና 2። ማንም አልሰበከውም። ወረቀቱ ላይ ራሱ አየው፤ የቀኑን ደስታ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ከትቶ ቀሪውን ባዶ አድርጎታል። እንደ ሕክምናው አስተሳሰብ በርጫው አንድ ደግ ነገር ነበረው፤ ሰው ያገናኘዋል። ስለዚህ "ጫት ተው" ብቻውን ቢባል ጓደኞቹንም አብሮ መተው ነው የሚሆንበት። ቴራፒስቱ መጀመሪያ ያንን ሰው የማግኘት ነገር በሌላ ሰዓትና በሌላ ቦታ እንዲተካው አደረገው፣ ጠዋት ጠዋት ኳስ፣ ከዚያ ነው ቅጠሉ የቀነሰው። ፈጽሞ አልተወም። ቀነሰ።

አሁን ወደ ሲቢቲ። ሙሉ ስሙ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው። አባቱ በ2021 በ100 ዓመቱ ያረፈው አሮን ቤክ ነው፣ የፊላደልፊያ ሳይካትሪስት። ታሪኩን እወደዋለሁ። ቤክ በፍሮይድ መንገድ የሠለጠነ ሰው ነበር። ያኔ ድባቴ ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው ይባል ነበርና ይህንን በታማሚዎች ሕልም ላይ በጥናት አረጋግጣለሁ ብሎ ተነሳ። ሕልሙ ውስጥ ያገኘው ግን ቁጣ ሳይሆን ማጣትና መሸነፍ ሆነበት። ከዚያ በ1960ዎቹ ታማሚዎቹን ሲያዳምጥ፣ ሳይጠሩ ብልጭ የሚሉ ሐሳቦች እንዳሏቸው አስተዋለ፤ "የማልረባ ነኝ"፣ "ማንም አይፈልገኝም" ዓይነት። ሕክምናው እነዚህን ሐሳቦች መያዝ፣ መጻፍ፣ ማስረጃ መጠየቅ ነው።

እኔ ትንሽ ከቆምኩ በኋላ ይህንንም ሠርቻለሁ፣ ከሌላ ቴራፒስት ጋር። ደብተር ያስይዛል። ምን ሆነ፣ ምን አሰብሽ፣ ምን ተሰማሽ፣ ለሐሳቡ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ተቃራኒውስ? አንድ ቀን የለመደኝ ተማሪ በበሬ አልፎ ጎረቤት ሱቅ ገባ። የእኔ ሐሳብ፦ "አለቀልኝ፣ ሰዉን ሁሉ አሰልችቻለሁ።" የደብተሩ ተቃራኒ ማስረጃ፦ ቶነር አልቆብኝ ማተሚያው ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ቆሟል፤ ልጁም ያውቃል። ሳቄ መጣ። ሲቢቲ ሲሠራ እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ አንድ ቀን በራስሽ ጭንቅላት ላይ ትስቂያለሽ። ሌላም ጥቅም አለው። መድኃኒት ብቻ ወስደው ካቆሙት ጋር ሲነጻጸር፣ ሲቢቲ የጨረሱ ሰዎች ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ያንሳል። የተማሩት ነገር አብሯቸው ይቀራል መሰለኝ።

ግን ሲቢቲ እዚህ ሲመጣ አንድ ቦታ ላይ ይሰነክላል። የሁሉም ሐሳብ የተጣመመ አይደለም። "የቤት ኪራይ መክፈል አልችልም" የሚል ሰው ሐሳቡ ላይ ስህተት የለበትም፤ ኪሱ ነው ባዶ። ያንን ሰው "ማስረጃሽ ምንድን ነው?" ማለት ስድብ ነው። ጥሩ ቴራፒስት ይህን ይለያል። ያልበሰለው ግን መጽሐፉን ይዞ ሙጭጭ ይላል፤ አንዷ ዘመዴ በእንዲህ ዓይነቱ ተማርራ ነው ያቆመችው። ደግሞ ደብተር መያዝ የማይወድ፣ መጻፍም የማይችል ሰው አለ። በቃል መሥራት ይቻላል ይላሉ፣ ይቻላል፤ እኔ ግን አያቴን ብወስዳት ከሲቢቲ አልጀምርላትም።

ችግሩ እውነተኛ ሲሆን ፕሮብለም ሶልቪንግ የሚባለው አለ። ችግሮችን መዘርዘር፣ ከመሃላቸው አንድ መምረጥ፣ ያንን ቆራርሶ በዚህ ሳምንት የሚደረግ ነገር ማውጣት። ቀላል ይመስላል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት ከ2006 ጀምሮ ሐራሬ፣ ምባሬ በሚባለው ሠፈር አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የሚጨነቅ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ስድስት ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። በ2016 ውጤቱ በትልቅ ጥናት ታትሟል፣ 24 ጤና ጣቢያዎችና 573 ሰዎች የነበሩበት፤ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ከሌሎቹ በጣም ተሽሏቸው ተገኙ። ይህንን ያነበብኩ ቀን በርጩማ ላይ የሚቀመጡ የጅማ እናቶቻችን ታዩኝ። ሁለት ሦስቱን አውቃለሁ፣ ነገ ቢሠለጥኑ የሚችሉ። አንዷ ግን ምስጢር አትይዝም፣ እሷ ትቅር።

የምስጢር ነገር ከተነሳ፣ "እኛ እኮ ቡና አለን፣ ቡና ቴራፒያችን ነው" የምትሉ አላችሁ። የቡና አገር ልጅ ነኝ፣ አልቃወምም። ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ሰው ይቀላል። ግን እዚያ ላይ ሐሜትም አብሮ ይቀዳል። ዛሬ ያለቀስሽበት ነገ ሌላ ቤት ቡና ላይ ይቀርባል። ቡና ሰውን ያቀራርባል፤ ሕክምና ደግሞ ደንብ አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሰማውን የማያወጣ ሰው አለው።

ደንብ ያለው የሰው ስብስብ ግን ተአምር ይሠራል፤ ከሁሉም ያስደነቀኝ ጥናት የዚህ ነው። ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ ይባላል። ጄራልድ ክለርማንና ማይርና ዋይስማን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው ያዘጋጁት። መነሻው አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን መድኃኒት የሚፈትን ጥናት ነበር፣ ዛሬም እዚህ ፋርማሲ ውስጥ የምታገኙትን ያንኑ መድኃኒት። ሐሳቡ ድባቴ ሲነሳ ከሰው ጋር ባለን ኑሮ ውስጥ የተነቃነቀ ነገር አለ የሚል ነው። አራት ቦታ ይፈልጋል፤ የሞት ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ያልተፈታ ጠብ፣ የኑሮ ለውጥ፣ ወይም ብቸኝነት። ከአራቱ አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ይዞ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይሠራል። ደብተር የለም።

ዩጋንዳ ውስጥ፣ ማሳካና ራካይ በሚባሉ አካባቢዎች፣ በ30 የገጠር መንደሮች ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2003 ወጣ። የመሩት ሐኪሞች አይደሉም፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ16 ሳምንት እየተሰበሰቡ አወሩ። ሲያበቃ የድባቴን መስፈርት የሚያሟሉት ከቡድኑ ከገቡት 6.5 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ካልገቡት ግን 54.7 በመቶ። ኤድስ በየቤቱ በገባበት አገር፣ ሐዘኑም ድህነቱም እውነተኛ በሆነበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ይህንን የቡድን ሕክምና በመመሪያ መልክ አውጥቶታል።

ከጅማ ዙሪያ ስንት ሴት ልጅ ዓረብ አገር እንደሄደችና እንደተመለሰች ለዚህ አካባቢ ሰው አልነግርም። አንዷ ጓደኛዬ ናት። ስትመለስ በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነች። ታናሽዋ አግብታለች፣ አባቷ አርጅተዋል፣ እሷ "ብር አለሽ" ብቻ ተብላ የምትጠራ ሆነች። ያገኘችው ሳይኮሎጂስት የሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ችግሩን የኑሮ ለውጥ ብሎ ሰየመላት። ያጣችውን እዚያ የነበረ ነገር፣ ነፃነት፣ የራስ ደመወዝ፣ ጓደኞች፣ በግልጽ እንድታዝንለት አደረገ። ሁሉም "እንኳን ከዚያ ወጣሽ" ብቻ ይላት ነበርና መናፈቋ ራሱ ያሳፍራት ነበር። ከዚያ ከአባቷ ጋር ስለ ገንዘቡ እንዴት እንደምታወራ ተለማመዱ፤ እሱ አባቷን ሆኖ፣ እሷ ራሷን ሆና። እቤት ሄዳ ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀባት፣ ግን አለችው። እሷን ቶነርና ተማሪ ላይ ያለ የሐሳብ ደብተር ብታስይዟት ምን ይሠራላታል? ለእኔ ደግሞ፣ ሐዘን ስለሆነ ነገሩ፣ ኢንተርፐርሰናሉ ቢመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ የተገኘችው ግን ሲስተር ናት፣ እሷ የምታውቀው ደግሞ ያን ወረቀት ነው፣ ሠራልኝ።

ወደ ልጅነት የሚወስደው፣ ሳይኮዳይናሚክ የሚባለው፣ በአጭር ጊዜ የሚሰጠው ዓይነት ለድባቴ እንደሚረዳ ጥናት አለው። በየጓደኝነቱና በየትዳሩ አንድ ዓይነት ነገር የሚደጋገምበት ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ግን በደንብ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብር ይፈልጋል። ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ከዚያ እንዲጀምር አልመክርም። ቲክቶክ ላይ ያለችው ልጅ ትቆጣኝ።

ከሁሉም ይልቅ መለየት ያለባችሁ በቴራፒና በምክር መካከል ነው። ከሲስተር በፊት አንድ ካውንስለር ነኝ የሚል ሰው ጋ ሄጄ ነበር፤ ማንነቱንም ቦታውንም አልጠቅስም። አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራው እሱ ነው። "ጠንካራ ሴት ነሽ። እናት ለሁሉም ትሞታለች። ጸልዪ፣ ሥሪ፣ እርሺው።" የተናገረውን አክስቴ በነፃ ትለኛለች። በነገራችን ላይ ዱዓም ሆነ ጸበል ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ ሲስተር ራሷ ሶላቴን ከወረቀቱ ላይ አስገብታዋለች፣ ተነስቼ መታጠቤና መቆሜ በቀን አምስት ጊዜ የተገኘ ተግባር ነው ብላ። የምጣላው ምክር ብቻ ሰጥቶ ቴራፒ ነው ከሚል ጋር ነው።

እና ያ ሮዘንዝዋይግ ያለው የጋራ ነገር ምንድን ነው? ኤድዋርድ ቦርዲን የሚባል ሰው በ1979 ሦስት ነገር አስቀምጧል፤ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለ መተማመን። ለእኔ አራተኛ አለ፣ ቋንቋ። እናቴን የማስባት በኦሮምኛ ነው፤ የምትጠራኝም የምትቆጣኝም በእሱ ነበር። ሲስተር ሁለቱንም ቋንቋ ትችል ነበር፤ ወረቀቱን በአማርኛ ጽፌ በኦሮምኛ አለቀስኩ። ከተማችን ውስጥ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ፣ የምኛ፣ ጉራጊኛ የሚናገር አለ። ቀጠሮ ስትይዙ "በእንትን ቋንቋ የሚያናግረኝ አለ?" ማለት ቅንጦት አይደለም።

ቀጠሮውም ራሱ ነገር ነው። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ የመጠበቂያው ወንበር ላይ የልጅሽን አስተማሪ ታገኚያለሽ። ቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ግማሹ ታካሚ ከገጠር አይመጣም። ስለዚህ 16 ሳምንት የሚፈጅ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት እስከ ስንተኛው መምጣት እንደምትችሉ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። ስድስት ጊዜ ብቻ ከሆነ አጭሩን ጠይቁ፤ ረጅሙን ጀምሮ ሦስተኛው ላይ ከመቅረት አጭሩን መጨረስ ይሻላል።

ስለ መድኃኒት ለሚጠይቁኝም፤ ሕመሙ ከበድ ሲል መድኃኒትና የንግግር ሕክምና አንድ ላይ ከሁለቱ ለየብቻ ከሚሰጡት የተሻለ ውጤት አላቸው። እኔ ሁለቱንም ነው የወሰድኩት። መድኃኒቱን ተሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ በቀስ ነው። ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ ከመጣ ግን ይህን ሁሉ ማወዳደር ተዉትና ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው ይዛችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቴራፒ መምረጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁንም "እሺ፣ የቱን?" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ከአልጋ መውረድ ያቃተው ሰው ከተግባሩ ይጀምር። ሞት፣ ፍቺ፣ ጠብ፣ ስደት፣ የሆነ ከሰው ጋር የተያያዘ ነገር ካለ ኢንተርፐርሰናል የሚሠራ ሰው ፈልጉ። ቤታችሁም ሥራችሁም ደህና ሆኖ ጭንቅላታችሁ ብቻ ሲከሳችሁ የሚውል ከሆነ ሲቢቲ። ኪራይና ዕዳ ከሆነ ፕሮብለም ሶልቪንግ። ካልተገኘ ደግሞ የተገኘውን፣ የሚሠራው ሰው ሥራውን እስካወቀ ድረስ። ማወቁን ለማወቅ መጀመሪያ ቀን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ "የምንሠራው ሕክምና ምን ይባላል?" እና "መሻሌን በምን እናውቃለን?" ሁለተኛው ላይ ብዙዎቹ ፒኤችኪው 9 የሚባለውን፣ የድባቴን ክብደት የሚለካ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ያወጣሉ፣ ከ0 እስከ 27 ነው ነጥቡ፣ ሲቀንስ መሻል ነው። ደህና ነው። ጥያቄው ያስቆጣው ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ያ ነጥብ ካልተነቃነቀ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ያንን ነው፤ ይሉኝታ ይይዘውና ቀጠሮውን ትቶ ይጠፋል፣ መንገድ ላይ ቴራፒስቶቹን ሲያያቸውም ይደበቃል። ንገሯቸው። "ይሄ አልሠራልኝም" በሉ። ወይ አሠራሩን ይቀይራሉ፣ ወይ መድኃኒት ይጨመራል፣ ወይ ወደ ሌላ ሰው ይልኳችኋል። ሲስተርን ወደ ደብተሩ ሰው ልሂድ ስላት ስልኩን የሰጠችኝ ራሷ ናት።